ሱቅን ከሩቅ ማየት

የእህቴ ሱቅ ካሜራዎች ዛሬ ሥራ ጀመሩ። እህቴ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ስለምትሆን ሱቋን በስልኳ ማየት ፈልጋለች። ሥራውን ለእኔ ሰጠችኝ። "አንተ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለህ" ብላ። እውነቷን ነው፤ እወዳለሁ። መሰላል ላይ ወጥቶ ኬብል መጎተት ቢሮ ቁጭ ከማለት ይሻለኛል።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ስንት ካሜራ ይበቃናል?" ብላ ነው። "ምን ለማየት?" አልኳት። "ሁሉንም ነዋ!" አለች። ካሜራ የሚገዛ ሰው ሁሉ መልሱ ይሄ ይመስለኛል። ችግሩ፣ ሁሉንም እንዲያይ የተሰቀለ ካሜራ አንዱንም በደንብ አያይም።

ነገሩ ግምት አይደለም፤ በቁጥር ይሰላል። ለደህንነት ካሜራዎች በፈረንጆቹ 2015 የወጣ ኢኤን 62676-4 የሚባል የአውሮፓ መለኪያ አለ። በዚህ መለኪያ የማናውቀውን ሰው ፊት ለይቶ ማንነቱን ለማረጋገጥ፣ ሰውዬው በቆመበት ቦታ ለእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ሊደርሰው ይገባል። የምናውቀውን ሰው "አዎ፣ እሱ ነው" ለማለት 125 ይበቃል። ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ ደግሞ 25። ፉል ኤችዲ የሚባለው ካሜራ ወደ ጎን ያለው 1920 ፒክስል ነው። ለ250 ሲካፈል 7.7 ሜትር ገደማ ይመጣል። ካሜራው የሚያየው ስፋት ከዚያ ካለፈ ፊት መለየት ቀረ ማለት ነው። በብዙ ሱቆች የሚሰቀለው ባለ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚከፍት፣ ይሄን ስፋት የሚሞላው ሦስት ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከሦስት ሜትር ወዲያ ያለ እንግዳ ሰው እንግዲህ ሸሚዝና ኮፍያ ነው።

ስለዚህ ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ጥያቄዎቹን ጻፍን። በበሩ የገባው ማነው? ባንኮኒው ላይ ስንት ተቀበልን፣ ስንት መለስን? ከዕቃ ማስቀመጫው ምን ወጣ? ከተዘጋ በኋላ በጀርባው በር ሰው መጥቷል ወይ? አራት ጥያቄ፣ አራት ካሜራ። ለበሩ ጠበብ ያለ ባለ 6 ሚሊሜትር ሌንስ መረጥኩ። የተሰቀለውም ኮርኒስ ላይ ሳይሆን ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ኮርኒስ ላይ ያለ ካሜራ አናት ነው የሚቀዳው። በአናት ደግሞ ማንም ሰው ተለይቶ አያውቅም። የባንኮኒው ካሜራ ከላይ ወደ ታች እጅና የገንዘብ መሳቢያ ያያል፤ እዚያ የሚፈለገው ፊት አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ በኢንተርኔት የሚታይ ካሜራ ታሪኩም የተጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። በፈረንጆቹ 1991 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ሌላ ክፍል ያለው የቡና ማሽን ቡና ይኑረው አይኑረው ሳይነሱ ማወቅ ፈለጉ። ካሜራ አነጣጠሩበት። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ስፋቱ 128 በ128 ፒክስል ብቻ። በ1993 ዓለም ሁሉ በኢንተርኔት ያየው ጀመር፤ በ2001 ጠፋ። ዛሬ ርካሽ የሚባለው ካሜራ እንኳ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግን 128 ፒክስል ለጥያቄያቸው በቂ መልስ ሰጥቷቸዋል። ማሽኑ ወይ ሙሉ ነው ወይ ባዶ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ከሁሉም ያስቸገረኝ በሩ ነው። ቀን ቀን ከውጭ የሚገባው ብርሃን ኃይለኛ ስለሆነ የሚገባው ሰው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። ለዚህ ደብሊውዲአር የሚባል ነገር አለ፤ ካሜራው ብሩህና ጨለማ ምስሎችን አንሥቶ ያዋህዳቸዋል። አበራሁት፣ ተሻሻለ፣ ግን አልበቃኝም። ካሜራውን በሩን ፊት ለፊት ከማየት ወደ ጎን አዞርኩት። ፊቱ ወዲያው ጠራ። ከሴቲንግ ይልቅ ቦታ መቀየር የሚያዋጣበት ጊዜ ይበዛል። ሌሊት ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ካሜራው በጨለማ የሚያየው የራሱን ኢንፍራሬድ መብራት አብርቶ ነው። ከመስታወት ጀርባ ከተሰቀለ ብርሃኑ ከመስታወቱ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ የሚታየው ነጭ ጭጋግ ብቻ ይሆናል። የጀርባውን ካሜራ ከመስኮቱ ውጭ ያወጣሁት ለዚህ ነው። ውጭ ለሚሰቀል አይፒ 66 የሚል ምልክት ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ አቧራ አያስገባም፣ ዝናብም አይበግረውም።

ኬብል ወይስ ዋይፋይ? ብዙ አላሰብኩም። የዋይፋይ ካሜራም ባትሪ ከሌለው የመብራት ገመድ መፈለጉ አይቀርም። በዚያ ላይ ግድግዳና የብረት መደርደሪያ ሲግናሉን ያዳክሙታል። ፒኦኢ በሚባለው አሠራር ግን መብራቱም ዳታውም በአንድ የኔትወርክ ኬብል ይሄዳል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ። ኬብሎቹ ሁሉ የሚገቡበት መቅጃ (ቪዲዮውን ሃርድ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው ሳጥን) ዩፒኤስ በሚባለው መጠባበቂያ ባትሪ ላይ ከተሰካ፣ መብራት ሲጠፋ ካሜራዎቹም አብረው ይተርፋሉ። ራውተሩንም እዚያው ዩፒኤስ ላይ ሰካሁት። አለበለዚያ ቀረጻው ይቀጥልና እህቴ ግን ምንም አታይም።

የሃርድ ዲስኩ ነገር ትንሽ አከራክሮናል። ሻጩ ባለ 2 ቴራባይቱ ይበቃችኋል ብሏት ነበር። እኔ ወረቀት አወጣሁ። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ በ24 ሰዓት 43 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል። አራቱ 173 ይሆናሉ። ሁለቱ ቴራባይት በ11 ቀን አለቀ፤ ከዚያ መቅጃው የቆየውን እየፋቀ በላዩ ላይ ይቀዳል። እህቴ ደግሞ ዕቃ የምትቆጥረው በወሩ መጨረሻ ነው። በወሩ መጀመሪያ የጠፋ ዕቃ በቆጠራ ሲታወቅ ቪዲዮው ከተፋቀ ሰንብቷል። ኤች 265 የሚባለው የቪዲዮ አጨማመቅ ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ምስል ከቀድሞው ኤች 264 በግማሽ ያህል ያሳንሰዋል። እሱን መርጠን ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ገዛን። አሁን ከአርባ ቀን በላይ ይይዛል።

ከሩቅ ለማየት ደግሞ ወሳኙ የሱቁ ኢንተርኔት የመላክ ፍጥነት ነው። ሰዎች የማውረዱን ፍጥነት ብቻ ይጠይቃሉ። እህቴ ስታይ ግን ሱቁ ነው የሚልከው። አራቱንም በሙሉ ጥራት ለመላክ በኤች 265 እንኳ 8 ሜጋቢት ገደማ በሰከንድ ያስፈልጋል። እንደ ዕድል ሆኖ ካሜራዎቹ ሁለት ዓይነት ምስል ያወጣሉ፦ ጥራት ያለው ለመቅጃው፣ ቀለል ያለው ለስልክ። ቀለል ያለው አራቱ ተደምረው 2 ሜጋቢት ገደማ ቢፈልጉ ነው። ስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። እህቴ ከሩቅ ማየት ከቻለች ሌላ ሰውስ? አንድ ወዳጄ "ራውተሩ ላይ ፖርት ክፈትና አለቀ" ብሎኝ ነበር። አልከፈትኩም። ፖርት መክፈት ማለት መቅጃውን ዓለም ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ማስቀመጥ ነው። በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ያደረገው አይረሳኝም። ኢንተርኔቱን እየዞረ ከፋብሪካ የወጡበት ፓስወርድ ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና መቅጃዎች ይፈልግ ነበር። ለመግባት የተጠቀመው ከስድሳ የሚበልጡ የስምና የፓስወርድ ጥንዶችን ነው፤ "አድሚን፣ አድሚን" ዓይነቱን። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር (በፈረንጆቹ) በያዛቸው ካሜራዎች ተጠቅሞ የድረ ገጾችን አድራሻ የሚመራውን ዳይን የተባለ ኩባንያ ሲያጠቃ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው አልከፍት አሉ። ስንቱ ባለሱቅ ካሜራው በዚህ ውስጥ መሳተፉን ሳያውቅ ቀርቷል።

በሌላ በኩል ሁሉን ነገር ለክላውድ (ለካሜራው ኩባንያ የኢንተርኔት ማከማቻ) መስጠትም ዋስትና አይደለም። በፈረንጆቹ 2021 ቨርካዳ የሚባል የአሜሪካ የካሜራ ኩባንያ ተሰብሮ 150,000 ገደማ ካሜራዎች ለሰርጎ ገቦች ተከፍተዋል። የሆስፒታልም የእስር ቤትም ነበሩበት። የደንበኞቹ ፓስወርድ ጠንካራ መሆኑ ምንም አላዳናቸውም፤ የተገኘው የኩባንያው የራሱ ዋና አስተዳዳሪ መለያ ነበርና።

እኔ ቪፒኤን የሚባለውን የተመሰጠረ የግል መንገድ መረጥኩ። ራውተሩ ላይ ተጫነ፤ የእህቴ ስልክ መጀመሪያ በእሱ በኩል ሱቁ ውስጥ እንዳለ ሰው ይገባል፣ ከዚያ መቅጃውን ያገኛል። አንድ ተጨማሪ ንክኪ ነው። እህቴ ለሁለት ቀን አጉረመረመች፣ ከዚያ ለመደችው። ካሜራዎቹ ደንበኞች ከሚጠቀሙት ዋይፋይ ተለይተው በራሳቸው ኔትወርክ ላይ ናቸው። ፓስወርዱ ተቀይሯል፤ የመቅጃው ሶፍትዌርም ታድሷል። ሰዓቱ ከኢንተርኔት ራሱን እንዲያስተካክል አድርጌዋለሁ። ሰዓቱ የተሳሳተ ቪዲዮ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ በሰዓቱ ላይ ነው።

ይሄ ሁሉ የቴክኒክ ነገር ነው። ያላሰብኩት የመጣው ከሠራተኞቹ ነው። ካሜራውን ስሰቅል አንዷ "ድምፅም ይቀዳል?" አለችኝ። ይቀዳል፤ ማይክ አለው። ፊቷን አየሁትና አጠፋሁት። ሱቅ ውስጥ የሚወራ ወሬ የሱቁ ጥያቄ አይደለም። ምሳ የሚበሉበትን ጥግ ደግሞ የዕቃ ማስቀመጫው ካሜራ በከፊል ያየው ነበር፤ እዚያ ላይ ጥቁር መሸፈኛ አደረግሁበት። ከዚያ በኋላ ያ ጥግ አይቀዳም።

እህቴ ግን በሙከራው ሰሞን ስልኳ ከእጇ አልወርድ አለ። ቀኑን ሙሉ ትከፍታለች። አንድ ጊዜ ደውላ "ለምንድነው ቆማችሁ የምታወሩት?" አለቻቸው። ሰው አልነበረማ ሱቁ ውስጥ! ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ደንበኛ ሳይኖርም መደርደሪያ ሲወለውሉ አየኋቸው። ንጹሕ መደርደሪያ እየደጋገሙ። ለሌባ የተሰቀለው ካሜራ የተፈራው በሠራተኛ ነው። ይሄን ነገርኳት፣ ተከፋች፤ "ሱቁ የኔ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። የሷ ነው። ግን ካሜራ የሚጠቅመው የሆነ ነገር ሲከሰት ወደ ኋላ ተመልሶ ለማየት እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለመጠበቅ አይመስለኝም። እንደዚያማ ከሆነ ሱቁ መቀመጥ ይሻላት ነበር።

ተስማማን ልበል? በግማሽ። ማሳወቂያው አሁን የሚደርሳት ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው፤ ያውም ሰው ሲታይ። መጀመሪያ ማንኛውም እንቅስቃሴ ይደውልላት ነበር፤ የመኪና መብራት፣ የእሳት እራት፣ ሌንሱ አጠገብ ድሯን የሠራች ሸረሪት። ሌሊት በሸረሪት የተቀሰቀሰ ሰው እውነተኛው ማንቂያ ሲመጣ ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው።

የባንኮኒዋ ሠራተኛም የራሷ መለያ ተከፍቶላታል። ቀረጻውን ወደ ኋላ መልሳ ማየት ትችላለች፤ ማጥፋትና ሴቲንግ መቀየር አትችልም። እህቴ መጀመሪያ አልተዋጠላትም። ደንበኛ "መልሴ ጎደለ" ሲል እዚያው መልሳ ታሳየዋለች፣ አንቺን መጥራት አያስፈልግም ስላት ግን ዝም አለች። ዛሬ ከሰዓት አንድ ሰው እንዲሁ ብሎ መጣ፤ ቪዲዮውን ሲያዩት በእርግጥም ጎድሎበት ነበር። ሰጠችው፣ ሄደ።