ለቤት ሲኤንሲ ማሽን ኪስ የማይጎዳ ቢት ፍለጋ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ቤቱ ውስጥ በትንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን) እንጨት የሚቀርጽ ሰው ማሽኑን አንዴ ገዝቶ ይገላገላል። ከቢት፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ተገጥሞ እየዞረ እንጨቱን ከሚቆርጠው መቁረጫ፣ ግን አይገላገልም። ይሰበራል፣ ይደንዛል፣ ሙጫ ይይዘዋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ረከስ ያለ፣ ግን በትክክል የሚሠራ ቢት ከየት እንደሚገኝ ስጠይቅና ስሞክር ቆይቻለሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ማሽኔ 3018 የሚባለው ዓይነት ነው። የሥራ ሜዳው 30 በ18 ሴንቲ ሜትር ነው። ሞተሩ 775 የሚሉት ሲሆን በደቂቃ 10,000 ዙር አካባቢ ይዞራል። ጉልበቱ ትንሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ዋንዛ ላይ ነው፤ የሣጥን ክዳን፣ መስቀል፣ በብራና መጻሕፍት ላይ የምናውቃቸውን ሐረጎች። ሐረግ ቀርጾ የሚያውቅ ችግሬን ወዲያው ይረዳል። መስመሩ ቀጭን ነው። እርስ በርሱ ይጠላለፋል። መታጠፊያው ጠባብ ነው። ወፍራም ቢት እዚያ ውስጥ አይገባም። ቀጭኑ ደግሞ ውድ ነው፣ ቶሎም ይሰበራል።

ፍለጋው የሚጀምረው ከግንዱ ነው፤ ማለትም ኮሌቱ (የማሽኑ ቢት መጨበጫ) ከሚይዘው ክፍል። ሱቅ ገብታችሁ «የሲኤንሲ ቢት አለ?» ካላችሁ ብዙ ጊዜ መልሱ «የለም» ነው። ካለም ዋጋው እሳት ነው። ጥያቄውን ቀይሩት። «ግንዱ 3.175 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርባይድ አለ?» በሉ፤ ካርባይድ ቢቱ የሚሠራበት በጣም ጠንካራ ቁስ ነው። 3.175 የኢንች አንድ ስምንተኛ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚበሱ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ይኸው ነው። ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶችም አክሪሊክና ፎሬክስ የሚባሉትን የፕላስቲክ ሰሌዳዎች የሚቆርጡባቸው ትናንሽ ቢቶች ብዙዎቹ ይኸው ልክ ናቸው። የድሬሜል ዓይነት የእጅ ማሽን ቢቶችም ልካቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያ ማለት የእኛ ቢት ከእንጨት ሥራ ውጭ በብዙ ሙያ ውስጥ አለ። ይህን ማወቅ ብቻ የፍለጋውን ሜዳ ያሰፋዋል።

ስለ ልክ ካነሳን አንድ ማሳሰቢያ። 6 ሚሊ ሜትር እና 6.35 ሚሊ ሜትር አንድ አይደሉም። በእጅ የሚያዙት ትናንሽ የእንጨት መቅረጫ ማሽኖች (ራውተሮች) ላይ የ6ቱን ቢት የ6.35 ኮሌት ውስጥ ስታስገቡት ይገባል፤ ግን በደንብ አይነክሰውም። በዚያ ፍጥነት ሲዞር ተንሸራቶ መውጣቱ አደገኛ ነው። የ3018 ማሽን ብዙ ጊዜ ኢአር11 የሚባለውን ኮሌት ይጠቀማል። አንዱ ኮሌት የሚጠበው በግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቢት ለመግዛት ስትወጡ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያዙ። ባለሱቁ በነገራችሁ ልክ ብቻ አትመኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኔ ገንዘብ ያተረፍኩት ርካሽ ሱቅ በማግኘት አይደለም። ሥራውን ለሁለት በመክፈል ነው። ከባዱን ቁፋሮ ለርካሹ ቢት፣ የመጨረሻውን ለውዱ።

ሒሳቡን አብረን እንየው። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ከፍ ዝቅ ያለ ቅርጽ አለን እንበል። ጫፉ የግማሽ ሚሊ ሜትር ራዲየስ ባለው ሾጣጣ ቢት መጨረስ ፈለግን። በየመስመሩ መካከል 0.1 ሚሊ ሜትር ብንተው ማሽኑ 1,000 ጊዜ ይመላለሳል። እያንዳንዱ ጉዞ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ሲደመር 100 ሜትር። ያ ቀጭን ጫፍ 100 ሜትር እንጨት ውስጥ ይጓዛል ማለት ነው፣ ለአንድ ትንሽ ሥራ! ይህን ሁሉ ሲሄድ እንጨቱን ከሥሩ እየቆፈረ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። ቀደም ብሎ ሌላ ቢት ቆፍሮ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ከተወለት ግን የሚያነሳው ስስ ልባስ ነው። ዕድሜው የትና የት ይረዝማል።

የቁፋሮው ቢት ቆንጆ መሆን የለበትም። ያገለገለም ይሁን። እዚህ ላይ ነው የማስታወቂያ ቤቶች የሚጠቅሙን። እነሱ አክሪሊክ ሲቆርጡ ጠርዙ እንደ መስተዋት እንዲጠራ ይፈልጋሉ። ቢቱ ትንሽ ሲያረጅ ጠርዙ ጭጋግ ይይዛል፣ ይቀይሩታል። የተቀየረው ቢት ለዋንዛ ቁፋሮ ገና ብዙ ይሠራል። አብዛኛው ባለ አንድ ጥርስ ነው። ይህ ለእኛ ደካማ ሞተር ጭራሽ ይመቻል፤ ፍቅፋቂው የሚወጣበት ሰፊ ቦይ አለው፣ ሞተሩንም አያስጨንቀውም። ሰፈራችሁ ያለ የማስታወቂያ ቤት ገብታችሁ ሠራተኛውን በአክብሮት ጠይቁ። «ወንድሜ፣ የምትቀይሯቸውን ቢቶች የት ነው የምታደርጓቸው?» ማለት በቂ ነው። አንዳንዱ በነፃ ይሰጣል፣ አንዳንዱ የሻይ ይላል። ከአዲሱ ጋር የሚወዳደር ዋጋ ግን የጠየቀኝ የለም።

ሁለተኛው ምንጭ ለኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የተሠሩት ናቸው። በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን አሥር አሥር ሆነው ይመጣሉ፤ አንገታቸው ላይ ባለቀለም ቀለበት አላቸው። ከነሱ መካከል ሰውነታቸው እንደ በቆሎ ፍሬ የተደረደረ ጥርስ ያላቸው አሉ። ርካሽ ናቸው። ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ ዙሪያውን ለመቁረጥ ይሆናሉ። ጥልቅ ቁፋሮ ላይ ግን አልወዳቸውም። በጥርሶቹ መካከል ሰጋቱራ ይታጨቃል፣ ከዚያ እንጨቱ መቃጠል ይጀምራል።

ሦስተኛውን ስነግራችሁ ትገረሙ ይሆናል። የጥፍር ማሳመሪያ ቤቶች! የጥፍር ማሽን ቢት ግንዱ 2.35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የጥርስ ላቦራቶሪና የወርቅ ሠሪ የእጅ ማሽን ላይ የሚገባውም እንደዚሁ። 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የኢአር11 ኮሌት አጥብቆ ይይዘዋል። እነዚህ እንጨት ውስጥ ቀጥ ብለው ለመግባት አልተሠሩም። እኔ የምጠቀምባቸው በእጅ ማሽን ነው፤ ዋናው ቢት ያልደረሰባትን የሐረጉን ጥግ ለማጽዳት፣ ጸጉር ጸጉር ያለውን ለማንሳት። የመዋቢያ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች በየሰፈሩ አሉ። የሲኤንሲ ቢት ሻጭ ግን በየሰፈሩ የለም።

ቪ ቢት (ጫፉ እንደ V ፊደል የሾለው) ላይ አትቆጥቡ፣ ግን ብዙም አትግዙ። በአንድ ባለ 60 ዲግሪ ቪ ቢት ብዙ ይሠራል። 2 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ሲገባ 2.3 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ መስመር ያወጣል። ባለ 90ው በዚያው ጥልቀት 4 ሚሊ ሜትር ያወጣል። ባለ 30ው ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ። ለጽሑፍና ለሐረግ 60ው መሐል ላይ ያለ ነው፤ ጥልቀቱን በመቀያየር ብቻ ቀጭንም ወፍራምም መስመር ታገኛላችሁ። አምስት ዓይነት ቪ ቢት አንድ ላይ የታሸገበት ሣጥን ከመግዛት ይህን አንዱን ጥሩ አድርጎ መግዛት ይሻላል እላለሁ።

መርካቶ ስትወርዱ፣ በተለይ ምናለሽ ተራ አካባቢ፣ ብዙ ዓይነት ያገለገለ ቢት ይገጥማችኋል። እዚያ ዓይን ያስፈልጋል። ካርባይድ ጠንካራ ነው፤ ግን ይሸራረፋል። በአንድ ቆርቆሮ ተቀላቅለው የተቀመጡ ቢቶች እርስ በርስ ሲጋጩ ጥርሳቸው ይጎዳል። አንስታችሁ ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙሩት። ስለታም ጠርዝ ብርሃን አይመልስም። ነጭ ክር የመሰለ መስመር ካብለጨለጨ ደንዟል። ጥፍራችሁ ላይ በቀስታ አሳርፉት፤ ከነከሰ ይሠራል፣ ከተንሸራተተ ተዉት። ክብደቱንም በእጃችሁ መዝኑ። ካርባይድ ከብረት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ወርቃማ ቀለም አይሸውዳችሁ። ያ ልባስ ተራ ብረት ላይም ይቀባል።

የገዛችሁትን ማቆየትም ከመግዛት አይለይም። ጥድ ስትቀርጹ ዘይትና ሙጫው ጥርሱ ላይ ይጋገራል። ብዙ ሰው ያኔ ቢቱ የደነዘ ይመስለዋል፣ ይጥለዋል። ለብ ያለ ውሃ በቤኪንግ ሶዳ በጥብጡ፣ ቢቱን ለትንሽ ጊዜ ዘፍዝፉት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ በደንብ አድርቁት። የብረት ብሩሽ አትንኩ። ከጫፉ በኩል ሲታይ እንደ ግማሽ ክብ የሆነው ባለ አንድ ጥርስ መቅረጫ ቢት ደግሞ እቤት ይሳላል። ጠፍጣፋ የአልማዝ መሳያ ላይ ጠፍጣፋውን ፊት ብቻ አስተኝታችሁ ጥቂት ጊዜ ሳቡት። ክቡን ጀርባ አትንኩት። ተራ የመሳያ ድንጋይ ካርባይድን አይበላውም።

ፍጥነቱም ቢት ይገድላል። ብዙዎቻችን ቢቱ እንዳይሰበር ብለን ማሽኑን በጣም እናዘገያለን። ቀስ ሲል ጥርሱ እንጨቱን መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል። ሙቀት ይፈጠራል፣ ጠርዙ ያልቃል። ስሌቱ ቀላል ነው። የዙሩን ፍጥነት በጥርሱ ቁጥር፣ ከዚያ እያንዳንዱ ጥርስ በሚያነሳው ውፍረት አባዙ። 10,000 ዙር፣ 2 ጥርስ፣ 0.03 ሚሊ ሜትር፦ በደቂቃ 600 ሚሊ ሜትር። እኔ ዋንዛ ላይ የምጀምረው እዚህ ነው። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ጉዞውን ከማዘግየቴ በፊት ጥልቀቱን እቀንሳለሁ። የሚወጣውን እዩ። ፍቅፋቂ ከሆነ ደህና ናችሁ። እንደ ዱቄት ከደቀቀ ማሸት ጀምሯል።

ኤምዲኤፍ ላይ ይህ የዱቄት ምልክት አይሠራም፤ እሱ ሁልጊዜም ዱቄት ነው። ውስጡ ያለው ኮላ ጠርዝ ይበላል። ስለዚህ ለኤምዲኤፍ የተለየ ያረጀ ቢት መድቤያለሁ። ጥሩውን ለዋንዛ ብቻ። ወይራ ላይ ደግሞ የቁፋሮውን ጥልቀት በግማሽ እቀንሳለሁ፤ እንጨቱ በጣም ጠንካራ ነው። የትኛውንም ስትቀርጹ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ። የተሰበረ ካርባይድ ይፈናጠራል።

የቀረኝ ጫፉ የሩብ ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለው ሾጣጣ ቢት ነው። ለሐረጉ ጠባብ ጥግ ያለ እሱ አይሆንም። ያገለገለ አላገኘሁም፤ ቢገኝም አልገዛውም፣ ያን ያህል ቀጭን ጫፍ በዓይን አይመረመርም። አዲሱን በአንድ በአንድ መግዛት ኪስ ይጎዳል። በሣጥን ሲሆን የአንዱ ዋጋ በጣም ይወርዳል። ቢት ቀላል ዕቃ ነው፣ ዱባይ ወይም ጓንጁ የሚመላለስ ሰው ኪሱ ውስጥ ይዞት ይመጣል። አሥር ያለበት አንድ ሣጥን አምጥተን ለአምስት ብንካፈል ለየአንዳንዳችን ሁለት ሁለት ይደርሰናል። ግንዱ 3.175 የሆነ የምትፈልጉ አሳውቁኝ። የ6 ሚሊ ሜትር ፈላጊዎች ከበዙም ለእነሱ ለብቻ እናዝዛለን።