ድንጋይ የጠፋበት ሰው

ባለፈው መጋቢት አንድ ዘመዳችን በዕጣ ያገኘውን የጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ጓዛችንን ጠቅልለን ስንወጣ፣ ከእናቴ ጋር የተጨቃጨቅነው በሶፋው ወይም በቡፌው ሳይሆን በአያቴ ወፍጮ ነበር። ወፍጮ ስል የሞተሩን ማለቴ አይደለም። አያቴ በ1950ዎቹ አገሯን መንዝን ለቃ ስትመጣ እስከ ደብረ ብርሃን በአህያ፣ ከዚያ ወዲህ በጭነት መኪና ያመጣችው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ታችኛው ወፍጮው ሲሆን፣ በሁለት እጅ ተይዞ ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋው ላይኛው ደግሞ መጁ ነው። ሁለቱም እህል ከቀመሱ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ በእነዚህ ዓመታት በጓዳው በር ሥር ተቀምጠው የእኔን የእግር ጣት ከመምታት በቀር የሠሩት ሥራ የለም።

«አሳንሰር በሌለው ሕንጻ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ድንጋይ ተሸክመን ልንወጣ ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ እናቴ «አንተ ያደግህበት በሶ በምን የተፈጨ መሰለህ?» ብላ ክርክሩን ዘጋችው።

ወፍጮውን አራት ወዛደሮች «የማን ሐውልት ነው?» እያሉ፣ ዋጋም እየጨመሩ አይሱዙው ላይ ጫኑት። መጁን ግን እናቴ ለማንም ስላላመነች በነጠላ ጠቅልላ ለእኔ አስታቀፈችኝ። እውነቱን ለመናገር መጁን ልብ ብዬ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው። ነጠላው ሸርተት ሲል በሁለቱም ጫፍ የአያቴ መዳፎች ሲጨብጡት ኖረው ያለሰለሱት ስርጉድ ይታያል፤ በአንደኛው ጎኑ ደግሞ፣ አንድ ቀን ስትወቅረው እጇን ስቷት ያነሣችው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስባሪ አለችው።

የፈረንሳይን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። የፍሪጁ ገመድ ላልቶ ስለነበር ነጠላውን ለእናቴ መልሼ፣ መጁን ለአንድ ደቂቃ ብቻ ከኋላ ጎማው አጠገብ መሬት ላይ አኖርኩትና ገመዱን ለማጥበቅ ወጣሁ። ከዚያ የሆነውን የማስታውሰው ጀሞ ደርሰን፣ ዕቃው ሁሉ ወርዶ፣ ለወዛደሮቹ ተከፍሏቸው፣ መኪናው ከሄደ በኋላ እናቴ ባዶ እጆቼን እያየች «መጁስ?» ባለችኝ ጊዜ ነው።

ከከተማው ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ተመለስኩ። ችግሩ፣ በሠፈራችን መንገድ ዳር ለኮብልስቶን ሥራ የተራገፈ ክምር ድንጋይ መኖሩ ነበር። እዚያ የቆሙትን ወጣቶች «ድንጋይ ጠፍቶብኝ ነው» ስላቸው፣ አንደኛው ክምሩን በአገጩ እያመለከተ «ስሙን ጠርተህ ሞክረው» አለኝ። ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ልጅ ብቻ አዘነችልኝ መሰል፣ በነጻ አንድ ስኒ ጋበዘችኝ። ሲመሽ፣ የማፍርበት ቢሆንም፣ ከአንድ የፈረሰ አጥር ሥር መልኩም ልኩም መጁን የሚመስል ድንጋይ መርጬ በፌስታል ይዤ ገባሁ።

እናቴ መነጽሯን እንኳ አላደረገችም። በመዳፏ አንድ ጊዜ ዳበሰችውና «ይሄ ዱቄት አይቶ አያውቅም» ብላ መለሰችልኝ። የዚያን ዕለት እራትም አልበላችም።

ሰው ድንጋይ ይወስዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ለሾፌሩ መደወል የታሰበኝ በማግሥቱ ነው።

«አለቃ፣ ያ ድንጋይ የናንተ ነበር እንዴ?» አለኝ። «ረዳቴ ታኮ አድርጎት ነው። እኔ በዚህ ሥራ ላይ እንደሱ ያለ ታኮ አይቼ አላውቅም፤ ጎማውን ንክስ አድርጎ ነው የሚይዘው!»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ደብረ ብርሃን። ሌሊት ጭነን ወጥተን አሁን እያራገፍን ነው።»

የአያቴ መጅ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ታኮ ተብሎ ከአይሱዙ ወንበር ሥር ተወትፎ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ መንዝ መንገድ ተመልሷል። ለእናቴ ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። «አገሩ ናፍቆት ነዋ! ተወው፣ ደርሶ ይምጣ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ረዳቱ ራሱ አራት ፎቅ ወጥቶ አመጣው። የመጁ ሆድ በግራሶ ጠቁሯል፤ በጎኑ ላይ የጎማው ጥርስ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። እናቴ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባ፣ ስባሪዋን በጣቷ ፈልጋ ካገኘች በኋላ ወፍጮው ላይ አኖረችው፤ ለልጁም ቡና አፈላችለት። እሱ ግን ሦስተኛውን ስኒ እስኪጨርስ ዓይኑን ከመጁ አልነቀለም። ሊወጣ በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ዞር ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እናቴን ጠየቃት፤

«ማዘር፣ ሌላ የላችሁም?»