ቁጥሩ 99 ነበር

ነሐሴ ውስጥ ነው። ዝናቡ ሳያባራ ባደረበት አንድ ሌሊት፣ 8 ሰዓት ገደማ፣ አንዲት እናትና የ14 ዓመት ልጃቸው እየተደጋገፉ እኔ ተረኛ ነርስ ወደሆንኩበት ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ልጅቱ ራሷን ይዛ ታቃስታለች፤ በመንገድ ላይም ሁለት ጊዜ አስመልሷታል። እናትየዋ እርሳቸውንም እንደሚያዞራቸው ነገሩኝና ማታ የበሉትን ምግብ እንደሚጠረጥሩ ጨመሩልኝ። ግፊትና ሙቀት ከለካሁ በኋላ ፐልስ ኦክሲሜትር የምንለውን፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ትንሽ መቆንጠጫ በልጅቱ ጣት ላይ አደረግሁ። ቀዩ መብራት በጥፍሯ ሥር በራ፤ ጥቂት ቆይቶም 99 የሚል ቁጥር መጣ። የእናትየዋ 98 ሆነ። ቁጥሮቹን በካርዳቸው ላይ ጻፍኩና፣ ኦክስጅናቸው ሙሉ ከሆነ የሚያስቸኩል ነገር የለም ብዬ፣ ተራ እንዲጠብቁ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸው።

20 ደቂቃ ያህል እንዳለፈ አብረውኝ ተረኛ የነበሩት አንጋፋ ሲስተር በአጠገባቸው ሲያልፉ ቆም አሉ። ጎንበስ ብለው የልጅቱን ጋቢ አሸተቱና «እናቴ፣ ማታ ከሰል አስገብታችሁ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። እናትየዋ ቡና ያፈሉበትን ምድጃ ቤቱን እንዲያሞቅላቸው ብለው ወደ መኝታቸው አስጠግተው፣ በሩንም ዘግተው መተኛታቸውን ተናገሩ። «ጭሱ እኮ አልቆለት ነበር፤ የቀረው ፍሙ ብቻ ነው» አሉ።

ሲስተር ወደ እኔ ዞረው «ኦክስጅን አምጣ፤ ለሁለቱም» አሉኝ። እኔ ግን ካርዱን ዘርግቼ «ሲስተር፣ 99 ነው እኮ» ስል መለስኩላቸው። ያ መልሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚያ መሣሪያ መሥራት ከጀመርኩ 4 ዓመት ሞልቶኝ ነበር። የተነገረኝ ቁጥሩ ከ90 በታች ሲወርድ ኦክስጅን እንድሰጥ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ለሁለቱም ማስክ ካደረግንላቸው በኋላ ሲስተር እዚያው አጠገባቸው ቆመው አስረዱኝ። መሣሪያው በጣት ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ያሳልፋል፤ አንዱ ቀይ ሲሆን ሌላው በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ ኦክስጅን የተሸከመው ቀዩን ብርሃን በብዛት ሲያሳልፈው፣ ያልተሸከመው አብዛኛውን ይውጠዋል፤ ቁጥሩ የሚሰላው ከዚህ ልዩነት ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ደግሞ ቀለምም ሽታም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋቢው የሸተተው ከሰሉን እንጂ እርሱን አይደለም። ይህ ጋዝ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። በእርሱ የተያዘ ደምም ቀዩን ብርሃን ኦክስጅን እንደተሸከመ ደም አድርጎ ስለሚያሳልፍ፣ መሣሪያው መርዙን ኦክስጅን ብሎ ይቆጥረዋል። ልጅቱ ታፍና ሳለ 99 ያለው ስለዚህ ነው፤ ብልሽት አልነበረበትም።

እነርሱ ኦክስጅን ላይ ሳሉ የመሣሪያውን ሳጥን ከመደርደሪያ አወረድኩ። የአጠቃቀም መመሪያው ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል፤ የከፈተው ሰው አልነበረም። በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የገባበት ደም ንባቡን እንደሚያሳስት ተጽፎበታል፤ የጥፍር ቀለምና የቀዘቀዘ ጣትም እንዲሁ። መሣሪያ ሲገዛ ለርክክቡ ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት ቤት፣ መሣሪያው ምን መለየት እንደማይችል ለሠራተኛው የሚነገርበት አንድ ሰዓት እንኳ አለመኖሩ ያን ሌሊት እጅግ አሳዘነኝ፤ ከሰል በየቤቱ በሚነድበት አገር ለድንገተኛ ክፍል ነርስ ከሁሉ አስቀድሞ መነገር የነበረበት ይህ ነውና።

መርዙ በተራ አየር ቢሆን በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ከአንድ ሰዓት ብዙ አይርቅም። ጎህ ሲቀድ ልጅቱ ራስ ምታቱ እንደተዋት ነገረችኝ፤ ውኃ ጠጥታም አላስመለሳትም። ማስኩን ከፈታሁላት በኋላ መሣሪያውን መልሼ በዚያው ጣቷ ላይ አደረግሁት። ቀዩ መብራት በራ፤ ቁጥሩም መጣ፤ 99።