ቴምፖው የማይረጋ ቅጂ ሪሚክስ ሲደረግ

ያለ ክሊክ (ባንዱ ፍጥነቱን እንዲጠብቅ እየሰማው የሚጫወተው ቋሚ ምት) በተቀዳ ዘፈን ላይ አዲስ ድራም ሲጫን የመጀመሪያው ባር (የምቶች አንድ ዙር) ግጥም ይላል። ሦስተኛው ላይ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ድርብ ሆኖ ይሰማል፤ አዝማቹ ሲገባ ሁለቱ ድራሞች ፈጽሞ አይገናኙም። ነገሩ ተራ ስሌት ነው። በ100 ቢፒኤም (በደቂቃ 100 ምት) አንድ ምት 600 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ባንዱ በ101 እየተጫወተ ፕሮጀክታችሁ 100 ላይ ከቆመ፣ በ16 ባር ማለትም በ64 ምት ውስጥ 0.38 ሰከንድ ይራራቃሉ፤ ይህ ከግማሽ ምት በላይ ነው። ስለዚህ «100 አካባቢ ነው» የሚል ግምት ለሪሚክስ አይበቃም። ሶፍትዌሩ በራሱ ለክቶ የሚሰጠው ቁጥርም ብዙ ጊዜ የመላው ዘፈን አማካይ ስለሆነ ከአንዱም ባር ጋር ላይገጥም ይችላል።

ማርከር (ድምፁን ከሶፍትዌሩ የምት መስመር ጋር የሚያስር ምልክት) ከመትከላችሁ በፊት መዋለሉ ከተጫዋቾቹ ይሁን ከማሽኑ አጣሩ፤ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ድራመሩ ሲፈጥን ፒቹ (የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት) ባለበት ይቆያል። ቴፑ ሲፈጥን ግን ፍጥነቱና ፒቹ አብረው ይወጣሉ። ከዘፈኑ መጀመሪያና መጨረሻ ረዘም ተደርጎ የተያዘ የቤዝ ወይም የኦርጋን ኖታ መርጣችሁ በቱነር ለኩ። ፍጥነቱ 1 በመቶ በጨመረበት ቦታ ፒቹም 17 ሴንት (በፒያኖ ላይ የሁለት ተጎራባች ቁልፎች ርቀት የሆነው የሰሚቶን 17 መቶኛ) ያህል ከፍ ካለ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። እንዲህ ያለውን በሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌሩ በአብልተን ላይቭ «ሪ-ፒች» በሚባለው ሞድ አስተካክሉት፤ ፍጥነቱ ሲስተካከል ፒቹም አብሮ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ድምፁም አይበላሽም። ከሸክላ የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምልክት አለ። ቀዳዳው ከመሐል ትንሽ የተዛነፈ ሸክላ በየዙሩ ይዋልላል፤ በ33⅓ ዙር በየ1.8 ሰከንዱ፣ በ45 ዙር በየ1.33 ሰከንዱ ማለት ነው። መዋለሉ በዚህ ልክ ከተመላለሰ ማርከር አያድነውም። ወይ ሸክላውን አስተካክሎ አስቀምጦ እንደገና መቅዳት ነው፣ ወይ እንደ ሴለሞኒ ካፕስታን ያለ ለዚሁ የተሠራ ፕሮግራም መጠቀም ነው።

የፋይሉንም የናሙና ፍጥነት (ሳምፕል ሬት) እዩ፦ ፋይሉ በ44.1 ኪሎኸርዝ ተቀድቶ ፕሮጀክቱ እንደ 48 ካነበበው ዘፈኑ በ8.8 በመቶ ይፈጥናል፤ ፒቹም አንድ ተኩል ሰሚቶን ገደማ ይወጣል። ይህን ሳያዩ ቴምፖ ለማስተካከል መልፋት ከንቱ ድካም ነው። ምንጩም ዋቭ ወይም ፍላክ ይሁን። ኤምፒ ስሪ ሲለጠጥ በመጭመቁ የተደበቀው ጉድለት ሁሉ ጎልቶ ይወጣል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳብቁት ሲምባሎቹ ናቸው።

ቀጥሎ የዘፈኑን ፍጥነት በባር በባሩ እወቁ። በ4/4 ዘፈን 240ን በባሩ ርዝመት ማካፈል ነው፦ 2.40 ሰከንድ ከሆነ 100፣ 2.35 ከሆነ 102.1፣ 2.31 ከሆነ 103.9 ቢፒኤም። በ6/8 ግን ጠንቀቅ በሉ። አብዛኛው ሶፍትዌር ቢፒኤም የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ስለሆነ ማካፈል ያለባችሁ 180ን ነው። 1.2 ሰከንድ የሚፈጅ የ6/8 ባር በሶፍትዌሩ 150 ይባላል፤ በእግራችሁ የምትመቱት ግን በደቂቃ 100 ነው። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚያደርገው የቴምፖ ምርመራ በብዛት የሚስተው እዚህ ነው፤ ሁለቱን ምት ሦስት አድርጎ ያነብና ግሪዱን (የባርና የምት መስመሮቹን) ያጣምማል። በጆሮ ቆጥራችሁ የባሩን መነሻ ራሳችሁ ንገሩት።

የሁሉም ባር ቁጥር ሲደረደር የዘፈኑ ጠባይ ይታያል። ብዙ ጊዜ ግጥሙ ረጋ ይላል፣ አዝማቹ ይፈጥናል፣ ከአዝማች በኋላ መጠነኛ መመለስ አለ፣ መጨረሻው ግን ከመነሻው ፈጠን ያለ ነው። ፊል (ድራመሩ በክፍሎች መሸጋገሪያ የሚመታው አጭር ጌጥ) በተመታባቸው ባሮች ላይ ብቻ ዘለል የሚል ፍጥነትም አለ። እነዚህን ለይቶ ማወቅ ያሻል፤ የአዝማቹ መፍጠን ባንዱ ሆን ብሎም ይሁን በስሜት ያመጣው የዘፈኑ አካል ነው፣ የፊሉ ግን ብዙውን ጊዜ መንሸራተት ነው።

እንግዲህ ማን ማንን ይከተል? አንዱ መንገድ ቅጂውን ለጥጦ ቋሚ ግሪድ ላይ ማስገባት ነው። ሌላው ቅጂውን ሳይነኩ የፕሮጀክቱን ቴምፖ እንዲከተለው ማድረግ ነው፤ በአብልተን ላይቭ 11 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ክሊፑን «ሊደር» በማድረግ፣ በሎጂክ ፕሮ በስማርት ቴምፖ «አዳፕት»፣ በሪፐር በቴምፖ ማርከሮች ይሠራል። ለእኔ ከሁለቱም የሚሻለው መሐሉ ነው፦ መዋለሉን በግማሽ መቀነስ። ግጥሙ በ100፣ አዝማቹ በ104 የሚሄድ ዘፈን እንውሰድ። ሁለቱንም ወደ 102 ብትጎትቱ እያንዳንዱ 2 በመቶ ይለጠጣል ወይም ይጠባል፣ የአዝማቹም ጉልበት ይሞታል። ግጥሙን 101፣ አዝማቹን 103 ብታደርጉና ፕሮጀክቱ እነዚህን ሁለት ፍጥነቶች እንዲከተል ብታዙ፣ መለጠጡ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። አዝማቹ አሁንም ከፍ ይላል፤ አዲሱ ድራምም አብሮት ከፍ ይላል።

ለዲጄ የሚሠራ ሪሚክስ ከሆነ መግቢያውና መውጫው ለብቻቸው ቋሚ ቴምፖ ይኑራቸው። በአዲሱ ድራም ብቻ 16 ወይም 32 ባር በ101 ይጀምር፣ ድምፃዊው ከገባ በኋላ የፕሮጀክቱ ቴምፖ ይንቀሳቀስ፣ መውጫው በ103 ይርጋ። የዲጄው ሥራ የሚከብደው ዘፈኑን ከሌላ ጋር በሚያጋጥምበት ሰዓት ስለሆነ መሐሉ ቢንቀሳቀስ አያስቸግረውም።

አሁን ማርከር መትከል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት አንድ መሪ መሣሪያ ምረጡ። ቤዙና ኪኩ ሁልጊዜ አብረው አይወድቁም፤ ቤዙ ከኪኩ 20 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ የሚመጣበት አጨዋወት ሞልቷል፣ ውበቱም እሱ ነው። በአንዱ ባር ኪኩን፣ በሌላው ቤዙን ይዛችሁ ከተከላችሁ ያልነበረ መንገጫገጭ ትፈጥራላችሁ። ኪክ ከመረጣችሁ እስከ መጨረሻው ኪክ ይሁን። ማርከሩ የሚያርፈው የሞገዱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ድምፁ በሚነሳበት ነጥብ ላይ ነው። በኪክ ላይ በመነሻውና በጫፉ መካከል ብዙ ሚሊሰከንድ ሊኖር ይችላል፤ ጫፉን ከያዛችሁ የምቱ መነሻ ከግሪዱ ይቀድማል።

የዘፈኑን የመጀመሪያ መነሻ ምት 1.1.1 (የግሪዱ የመጀመሪያ ባር መነሻ) ላይ አድርጉ። ከዚያ በየ8 ባሩ አንድ ማርከር ብቻ ተክላችሁ አዳምጡ። መሐሉ ከሳተ በየ4 ባሩ፣ አሁንም ከሳተ በየባሩ። በየምቱ መትከል ለፊል ባሮች ብቻ ይቆይ። ሶፍትዌሩ በራሱ በየምቱ የደረደራቸውን ማርከሮች ግን አጥፉ፤ በየስምንተኛው ኖታ የተቸነከረ ዘፈን ስዊንጉ (የምቱ መወዛወዝ) ይጠፋል፣ ሻከሩም እንደ ማሽን ይሆናል። በሁለት ማርከሮች መካከል ያለው ሁሉ እኩል ስለሚለጠጥ የባሩ መነሻ ብቻ ሲያዝ የውስጡ አጨዋወት እንዳለ ይቀራል።

ዘፈኑን በዴሙክስ ወይም በመሰለው ፕሮግራም ወደ ድምፅ፣ ድራም፣ ቤዝና ቀሪ ስቴም (ለየብቻ የወጣ የድምፅ ፋይል) የምትከፍሉ ከሆነ ካልተለጠጠው ቅጂ ላይ ክፈሉ። ከዚያ ሁሉም ስቴሞች አንድ ዓይነት ማርከር ይያዙ፤ በዋናው ቅጂ ላይ የተከላችሁትን ለሁሉም አስተላልፉ እንጂ ለየብቻ አታዋርፏቸው (በማርከር አትለጥጧቸው)። በአብልተን ላይቭ የአለጣጠጡ ሞድ ግን ሊለያይ ይችላል፦ ለድራም «ቢትስ»፣ ለቤዝ «ቶንስ»፣ ለድምፃዊ «ኮምፕሌክስ ፕሮ»። አንድ ጥንቃቄ አለ። በተለያየ ሞድ የተለጠጡ ስቴሞችን ከሙሉ ቅጂው ጋር ደርባችሁ አታጫውቱ። በስቴሞቹ ውስጥ የሌላው መሣሪያ ርዝራዥ ስለሚቀር የሁለቱ ቅጂዎች ፌዝ (የሞገዶቻቸው አገጣጠም) ይጣላል፣ ድምፁም ባዶ ቱቦ ውስጥ የሚሰማ ይመስላል።

በሙሉ ሚክስ ላይ መለጠጡ እስከ 3 በመቶ ድረስ ብዙም አይሰማም፤ ከ5 በመቶ በላይ ስኔሩ መላሸቅ፣ ሲምባሉም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ማፍጠን ከማዘግየት የተሻለ ይወጣል፤ ማዘግየት ያልነበረ ድምፅ ፈጥሮ መሙላትን ይጠይቃል። አማካዩ 101.6 ሆኖ ምርጫው 101 ወይም 102 ከሆነ 102ን ውሰዱ።

ቴምፖው በሚንቀሳቀስ ፕሮጀክት ውስጥ ከቴምፖ ጋር የታሰረ ዲሌይ (ድምፁን እየደጋገመ የሚያስተጋባ ኢፌክት) ያስቸግራል። ፍጥነቱ ሲቀየር የዲሌዩ ርዝመት አብሮ ይቀየርና በአንዳንድ ዲሌዮች ላይ ጭራው እንደ ፉጨት ይንሸራተታል። በሚሊሰከንድ ቋሚ አድርጉት፦ በ100 ቢፒኤም ነጥብ ያለው ስምንተኛ ኖታ (የአንድ ምት ሦስት አራተኛ) 450 ነው፣ አንድ ሁለት ቢፒኤም ቢዋልል አይታወቅም። የቴምፖ ለውጡንም በአንድ ጊዜ አታዝልሉት፤ ከአዝማቹ በፊት ባለው አንድ ወይም ሁለት ባር ላይ በቀስታ ይውጣ።

ለመፈተሽ ቅጂውን ወደ ግራ፣ አጭር የሪም (የከበሮ ጠርዝ) ድምፅ በየምቱ ወደ ቀኝ አድርጋችሁ በሄድፎን ስሙ። በሁለቱ መካከል ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ልዩነት ሲኖር ምቱ ድርብ ይሆናል፤ የተሰማችሁበትን ባር ምልክት እያደረጋችሁ ሳታቆሙ እስከ መጨረሻ ሂዱ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ አርሙ። እያንዳንዱን ባር ቆማችሁ ካረማችሁ ጆሮ ይላመድና ስህተቱን ትክክል ይለዋል።

ብዙ የቀጥታ ቅጂዎች መጨረሻ ላይ ዝግ ይላሉ። ያንን ግሪድ ውስጥ ለማስገባት አትታገሉ። የመጨረሻው መደበኛ ባር መነሻ ላይ አዲሱን ድራም አቁሙ፣ ክሊፑን እዚያው ቁረጡና ለቀሪው ክፍል ዋርፑን አጥፉ፣ በመገናኛው 5 ወይም 10 ሚሊሰከንድ ክሮስፌድ (አንዱ እየከሰመ ሌላው የሚገባበት ሽግግር) አድርጉ። ከዚያ በኋላ ያለው በባንዱ ፍጥነት ይለቅ።