ለእኔ ዋናው ሰው ጉዱ ካሣ ነው

ዛሬ ከሜክሲኮ ወደ አያት የወሰደኝ የራይድ ሹፌር የወጋየሁ ንጋቱን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ትረካ ከፍቶ ነበር። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ እኔ ደግሞ ባይከፈት እያልኩ ነው 😄

መጽሐፉ ሲነሳ ሰው ሁሉ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይላል። ፍቅራቸው ያስለቅሳል፣ አልክድም። እኔን ግን የሚይዘኝ ጉዱ ካሣ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ቤት እየገባ እየወጣ ያንኑ የባላባት ሥርዓት የሚተች፣ እውነቱን ስለተናገረ እንደ እብድ የተቆጠረ ሰው። ደግሞ መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ዙፋን ላይ እያሉ! ጸሐፊው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው አምባሳደርም ሚኒስትርም የነበሩ ናቸው። ድፍረት ማለት ይሄ ነው።

ወጋየሁ ደግሞ ለየሰዉ ለየብቻው ድምፅ ይሰጠዋል፤ የመድረክ ሰው መሆኑ እዚህ ላይ ያስታውቃል። ይህን ታሪክ በስክሪን ማየት ብዙም አያጓጓኝም። ሰብለን በራሴ ፊት ሰጥቼ ነው የማውቃት፣ ሌላ ፊት ሲመጣብኝ ቅር ይለኛል።

ሹፌሩ በጭራሽ አልተስማማም። «ፊታውራሪ ሲቆጡማ የሚበልጣቸው የለም» ብሎ ድምፁን ጨመረው።

እናንተስ የማን ናችሁ?