የሴቪያውን የጲላጦስ ቤት ለምትጎበኙ፦ ትኬቱን ከበሩ ግዙ

በስፔን ሴቪያ ከተማ የሚገኘው ካሳ ዴ ፒላቶስ (የጲላጦስ ቤት) በሁለት ደረጃ የሚጎበኝ ቤት መሆኑን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። በምድር ቤቱና በአትክልቱ ስፍራ ጎብኚው እንደ ፈቀደ ይዘዋወራል፤ የላይኛው ፎቅ ግን ያለ አስጎብኚ አይታይም፣ ክፍያውም የተለየ ነው። ጉዞው ቀላል ነው፤ ከማድሪድ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል።

ዛሬም የሚያናድደኝ የትኬቱ ጉዳይ ነው። በኢንተርኔት ትኬት የሚያሻሽጥ አንድ ድርጅት ሁለቱንም ፎቆች እንደሚያሳየኝ አረጋግጦ ከመደበኛው ዋጋ በላይ አስከፈለኝ፤ በሩ ላይ ስደርስ ግን ትኬቱ ለምድር ቤቱ ብቻ መሆኑ ታወቀ። አቤቱታዬን ብጽፍ በመጀመሪያ ደረሰኝ እንድልክ ተጠየቅሁ፤ ደረሰኙን ስልክላቸው የትኬቱን ፎቶግራፍ ፈለጉ፤ በመጨረሻም ምድር ቤቱን ስላየሁ ትኬቱ «ጥቅም ላይ ውሏል»፣ ስለዚህ ገንዘቡ አይመለስም አሉኝ። በጲላጦስ ቤት ደጃፍ ላይ አቁመውኝ እንደ ጲላጦስ እጃቸውን ታጠቡ!

ቤቱን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስጀመሩት የስፔናዊው መኰንን የዶን ፋድሪኬ ኤንሪኬዝ ዴ ሪቤራ ወላጆች ናቸው። ፋድሪኬ እ.ኤ.አ. በ1518 ወደ ኢየሩሳሌም ተጉዞ በ1520 ከተመለሰ በኋላ፣ ክርስቶስ ከጲላጦስ ግቢ እስከ ጎልጎታ የሄደበትን መንገድ የሚያስብ፣ ከዚህ ቤት የሚነሣ የመስቀል መንገድ ጸሎት አስጀመረ፤ ሕዝቡም ቤቱ የጲላጦስ ግቢ አምሳያ ነው ብሎ አመነ። ጲላጦስን ከቅዱሳን ከምትቆጥር ቤተ ክርስቲያን ለመጣ ሰው ታሪኩ ሌላ ጣዕም አለው። በመካከለኛው ግቢ ዙሪያ ግድግዳውን የሸፈኑት ባለቀለም የሸክላ ንጣፎች፣ በላያቸው ካለው የሙደኻር (የእስላማዊና የክርስቲያን ጥበብ ቅይጥ) የኖራ ቅርጽና በግድግዳው ጎድጓዳ ስፍራዎች ከተቀመጡት የሮማ ነገሥታት ሐውልቶች ጋር ሆነው፣ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ ማየት የሚገባቸው ናቸው።

ድጋሚ ከፍዬ ወደ ላይ ወጣሁ። የታዋቂው ስፔናዊ ሠዓሊ የቬላዝኬዝ መምህርና አማት የነበረው ፍራንሲስኮ ፓቼኮ ሄርኩለስን የሣለበት ጣሪያ ክፍያው የሚገባው ነው፤ የቀረውን የቤት ዕቃ ግን አስጎብኚው እያጣደፈ ስለሚያሳልፈው ብዙም አልረካሁበትም። ጊዜ ያነሰው ሰው ምድር ቤቱ ይበቃዋል ባይ ነኝ።

የጉዞ መምሪያዎች ትኬት ሁሉ አስቀድሞ ይገዛ ይላሉ። ምክሩ ወረፋው ለበዛበት ለአልካዛር ቤተ መንግሥት ይሠራል፤ ለዚህ ቤት ግን ከበሩ መግዛት ይሻላል፣ የላይኛውን ፎቅ የጉብኝት ሰዓትም እዚያው መጠየቅ ይቻላል። ደግሞም መምሪያዎቹ አልካዛርን ቢያስቀድሙም እናንተ ከዚህ ጀምሩ፤ ዓይኑ በአልካዛር ንጣፎች የጠገበ ጎብኚ የዚህኛውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ያልፋል።