ጥር 18 ወይስ ጥር 25?

ዛሬ የሠርጋችንን ቀን ለመቁረጥ እዚሁ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት ተሰብስበን ነበር። እናቴ ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ያሉትን እሑዶች ቆጥራ፣ ከግድግዳ ባወረደችው የቀን መቁጠሪያ ላይ ጥር 18ን በቀይ እስክሪብቶ ከብባ ጠበቀችን፤ ማግስቱ ሰኞ ሥራ ስለማይኖር ለመልሱም ይመቻል አለች።

ያ ቀን ግን ጃንዋሪ 26፣ የአውስትራሊያ ቀን ነው። በ1788 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ሲድኒ ላይ ባንዲራቸውን የተከሉበት ዕለት በመሆኑ ብዙዎች በደስታ ሲያከብሩት፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ግን መሬታቸውን ያጡበት ስለሆነ በ1938 «የሐዘን ቀን» ብለው በአደባባይ አስበውታል፤ ዛሬም በየዓመቱ ሰልፍ ይወጡበታል። ሚዜዬ እንድትሆን የለመንኳት የሥራ ባልደረባዬ ከእነርሱ ወገን ናት፣ ከእናቷ ጋር ከዚያ ሰልፍ ቀርታ አታውቅም። እርሷን በዚያ ቀን ቀሚስ አልብሼ ከጎኔ ማቆም አልቻልኩም።

«እማዬ፣ የካቲት 12 ቀን ድግስ ቢጠሩሽ ትሄጃለሽ?» አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ አያቷ ስለ ግራዚያኒ ጭፍጨፋ ይነግሯት የነበረው ትዝ ብሏት እንደሆነ ከፊቷ አነበብኩ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥታ ጥር 25ን ከበበች።

ነገ ጠዋት አዳራሹን እንጠይቃለን።